ለጌማ መክፈል ለባሌት ፈቃድ አይሆንም

እህቴ፣ ጥያቄሽን አይቼ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። እዚህ ጀርመን የ40 ደቂቃ ባሌት እያዘጋጀሽ ነው፤ ጣሊያናዊው የሙዚቃ ደራሲ ኒኖ ሮታ ለድሮ ፊልሞች የጻፈውን ሙዚቃ መርጠሻል። «ቲያትር ቤቱ ለጌማ (ለሙዚቃ ደራሲዎች የመብት ክፍያ ለሚሰበስበው የጀርመን ድርጅት) ይከፍላል፣ አይበቃም?» ብለሻል። አይበቃም። በአንዲት ትንሽ የዳንስ ቡድን ውስጥ የፈቃድና የውል ጣጣ የሚወድቀው እኔ ላይ ነው። የደረሰብን እንዳይደርስብሽ ነው የምጽፍልሽ።

1. ጌማ የሚያስከፍለው ሙዚቃው በኮንሰርት፣ በሬዲዮ ወይም በካፌ ሲሰማ ነው። ታሪክ ያለው ባሌት ሆኖ መድረክ ሲወጣ ግን ፈቃዱ ያለው የሙዚቃው ኖታ አሳታሚ እጅ ነው። እሱ ደግሞ እምቢ ማለት ይችላል። ሮታ ያረፈው እ.ኤ.አ. በ1979 ስለሆነ ሙዚቃው አውሮፓ ውስጥ እስከ 2049 መጨረሻ ባለቤት አለው።

2. አንድም እርምጃ ሳታስጠኚ ለአሳታሚው ደብዳቤ ላኪ። እኛ በጊዜ ነበር የላክነው። የትኛው ክፍል፣ ስንት ደቂቃ፣ ስንት ትርዒት፣ ስንት ወንበር፣ ቲኬቱ ስንት፣ ታሪኩ ስለምን፤ ሁሉንም ዘርዝረናል። መልስ የለም። ደወልኩ። ስልኩን ያነሳችው ሴትዮ ስሜን ደጋግማ አስጠራችኝና «ለመሆኑ እናንተ እውነተኛ ቡድን ናችሁ?» አለችኝ። ዛሬም ያንገበግበኛል። ዳንሰኞቻችን ከሕፃንነታቸው ጀምሮ የሠለጠኑ፣ በዚሁ ሙያ እንጀራቸውን የሚበሉ ናቸው። ከዚያ «ጥቂት ደቂቃ ነው፣ ችግር የለውም፣ ቀጥሉ» ብላ ዘጋችው። በጽሑፍ አረጋግጡልኝ ብዬ ኢሜይል ላክሁ። ዝም። ፖስተሩ ከተለጠፈ በኋላ አንድ አጭር ደብዳቤ መጣ፦ አልተፈቀደም። ምክንያት የለው፣ ይቅርታ የለው። በስልክ የተባለውንማ ማን ሊመሰክር!

3. መጠባበቂያ ሙዚቃ ያዢ። እኛን ያወጣን እሱ ነው። ሩሲያዊው የሙዚቃ ደራሲ ፕሮኮፊዬቭ በ1953 ስላረፈ በጀርመን ሕግ ሥራው ከጥር 2024 ጀምሮ ነፃ ነው። የፊልም ሙዚቃ ከጻፉት ደግሞ እሱን የሚያህል ጥቂት ነው። የባሌት አዘጋጁ ግሪጎሮቪች በ1975 ሞስኮ ቦልሾይ ቲያትር ላይ ያቀረበው «አስፈሪው ኢቫን» ባሌት መሠረቱ ፕሮኮፊዬቭ ለዳይሬክተሩ አይዘንስታይን ፊልም የጻፈው ሙዚቃ ነው። እኛ ለ1934ቱ ፊልም «ሌተናንት ኪዤ» ከጻፈው ወሰድን። ግን ሲዲ ገዝተን አላጫወትንም፤ የቀረጻው መብት ራሱን የቻለ ነው፣ አውሮፓ ውስጥ ከወጣ በኋላ 70 ዓመት ይጠበቃል። ፒያኒስታችን ለሁለት ፒያኖ አዘጋጀችው። ዳንሰኞቹ ማታ ማታ እየቆዩ ቆጠራውን እንደ አዲስ አጠኑ። ትርዒቱ በተባለበት ቀን ተከፈተ፣ አዳራሹም ሞላ። እንደዚያ ቀን በቡድናችን ኮርቼ አላውቅም።

ወደ አንቺ ልመለስ። የፊልሙን ኖታ አትጠይቂ። የፊልም ሙዚቃ ለትዕይንቱ ተለክቶ ስለተጻፈ አንዳንዱ ገና ሳይጀመር ያልቃል፤ ዳንሰኛ አየር ላይ ይቀራል። አንዳንዱ ኖታ ጭራሽ የለም፤ የሆሊዉዱ ፊልም ድርጅት ኤምጂኤም በ1960ዎቹ መጨረሻ ገደማ የኦርኬስትራ ኖታዎቹን ጠራርጎ ጥሏል፣ በኋላ እንግሊዛዊው የኦርኬስትራ መሪ ጆን ዊልሰን ፊልሞቹን እየሰማ በጆሮው መልሶ መጻፍ ነበረበት። እንግሊዛዊው የዳንስ አዘጋጅ ማቲው ቦርን እንኳ በ2016 የበርናርድ ኸርማንን የፊልም ሙዚቃ ለባሌት ሲያመጣ ቴሪ ዴቪስ እንደገና አቀናብሮለት ነው።

ያንቺ ግን ዕድለኛ ነው። ሮታ ራሱ ለፌሊኒ ፊልም «ላ ስትራዳ» የጻፈውን ሙዚቃ ባሌት አድርጎታል፤ በ1966 ሚላኖ ላ ስካላ ላይ ማሪዮ ፒስቶኒ ነው ያስጨፈረው። አሳታሚውን በቀጥታ የዚህን ባሌት ኖታ ጠይቂ። የኖታ ኪራይና የትርዒት ክፍያ ለየብቻ ተጽፎ ይምጣልሽ። ኦርኬስትራሽ ትንሽ ከሆነ መሣሪያ መቀነስ ይፈቀድ እንደሆነም እዚያው ደብዳቤ ላይ አስገቢ፤ እሱም ያለ ፈቃድ አይነካም። የኔን ደብዳቤ ናሙና በውስጥ እልክልሻለሁ።