ኤምኤስ ያለባት እህት ስትረሳና ስታለቅስ

«እህቴ ኤምኤስ (መልቲፕል ስክለሮሲስ የሚባል የአንጎልና የነርቭ በሽታ) አለባት። መራመድ አላቃታትም፤ ግን የተነገራትን ትረሳለች፣ ያለ ምክንያት ታለቅሳለች። በሽታው ነው ወይስ ድብርት?» ላልሽው፦ ሁለቱም ሊሆን ይችላል፤ ሦስተኛም አለ፦ ሊስተካከል የሚችል ሌላ ምክንያት።

በኤምኤስ ብዙውን ጊዜ ቀድሞ የሚጎዳው የሐሳብ ፍጥነት ነው። የነርቩ ሽፋን፣ ማይሊን፣ ሲላጥ መልእክቱ ይዘገያል። ሰው ተሰብስቦ ሲያወራ ወይም ቴሌቪዥን ተከፍቶ የነገርሻት ነገር መጀመሪያውኑ አልገባም፤ ያልገባ ደግሞ አይታወስም። ስንፍና አትበሉት። ጸጥ ባለበት፣ አንድ በአንድ ንገሪያትና መልሳ ትንገርሽ። ቀጠሮና መድኃኒት ስልኳ ላይ በማንቂያ ይያዝ። ቃል ሲጠፋባት ለመሙላት አትቸኩዪ።

ሐኪሟን ኤስዲኤምቲ ስለሚባለው የሐሳብ ፍጥነት መለኪያ ፈተና ጠይቂ። በ90 ሰከንድ ምልክትን ከቁጥር ጋር ማዛመድ ነው። ጥቅሙ አንዴ መፈተኑ ላይ አይደለም፤ የመጀመሪያው ውጤት ተመዝግቦ በየዓመቱ ሲነጻጸር ነው። የ4 ነጥብ መውረድ ቸል አይባልም።

ሁሉን ለኤምኤስ ከመስጠታችሁ በፊት ግን ሊስተካከል የሚችለውን ፈልጉ። እንቅልፍ፣ ታይሮይድ፣ ቫይታሚን ቢ12 እና የሽንት ኢንፌክሽን ይታዩ። ለሽንት ማጣደፍ የሚሰጠው ኦክሲቡታይኒን ራሱ ሐሳብ ያደበዝዛል፤ ሌላ አማራጭ ስላለ ሐኪሟን አማክሩ። ሙቀትም አለ፦ ምጣድ ላይ ቆይታ ፈዝዛ ከተነሣች በኋላ ስትቀዘቅዝ ከተመለሰች፣ አዲስ ጉዳት ደረሰ ማለት አይደለም። በማለዳ፣ መስኮት ተከፍቶ ትጋግር፤ ቢቻል ሌላ ሰው ይጋግር። ኢንፌክሽንም ሙቀትም ሳይኖር ከ24 ሰዓት በላይ የቆየ አዲስ ምልክት ሲመጣ ነው ወደ ነርቭ ሐኪም መሮጥ።

ለቅሶውን ለይታችሁ እዩት። አዝና፣ የምትወደውን ሁሉ ትታ፣ ሁለት ሳምንት ካለፋት ድብርት ነው ብሎ መጠርጠር ተገቢ ነው፤ በኤምኤስ በጣም የተለመደ ነው፣ በንግግር ሕክምናም በመድኃኒትም ይታከማል። ሳታዝን በድንገት ለቅሶ ወይም ሳቅ አፍኗት፣ ወዲያው እንደ መብራት ከጠፋ ግን ስሜትን የሚቆጣጠረው የአንጎል መስመር መጎዳቱ ሊሆን ይችላል። የዚህ ሕክምናው ሌላ ነው። «ምን ሆንሽ?» እያላችሁ አትክበቧት፤ ወሬ ቀይሩ። ስቴሮይድ (በሽታው ሲያገረሽ የሚሰጥ መድኃኒት) ከወሰደች በኋላ የመጣ ንዴትና እንቅልፍ ማጣትም አለ፤ አብዛኛውን ጊዜ መድኃኒቱ ሲያልቅ ይረግባል።

«ብሞት ይሻለኛል» ካለች ብቻዋን አትተዋት፤ በዚያው ቀን ሆስፒታል ውሰዷት።

ጸበል ብትሄዱም የኤምኤስ መድኃኒቷን በራሳችሁ አታቋርጡ። አንዳንዱ ድንገት ሲቆም በሽታው ከቀድሞው ብሶ ይነሣል።