«አብረን ጀመርን፤ እኔ ተውኩ፣ ወንድሜ አልቻለም»

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ያደግነው ድሬዳዋ፣ ገንደ ቆሬ ነው። ጫት ስጀምር 21 ዓመቴ ነበር። ታናሽ ወንድሜ 14 ነበር፤ በርጫ ስሄድ እየተከተለኝ ጀመረ። ሥራ ስይዝ ተውኩት፤ ሦስት ቀን ከበደኝ፣ ከዚያ አለቀ። እሱ ግን ዛሬም ኢጀባና (የጠዋት ጫት) ካላደረገ ከአልጋ አይነሳም። ማታ ለጨብሲ (ምርቃናውን ለመስበር) ቢራ፣ በመሃል ሲጋራ። እናታችን «ልፍስፍስ ስለሆነ ነው» ትላለች፤ እኔም እንደዚያ ማሰብ ጀምሬያለሁ። የአንድ እናት ልጆች ሆነን ለምን ተለያየን?

መልስ፦ የድሬ ልጅ አንቱታ አይወድም፤ ስለዚህ «አንተ» ብዬ ልመልስልህ።

ደብዳቤህን ሳነብ ዓይኔ ያረፈው ሁለቱ ቁጥሮች ላይ ነው፤ 21 እና 14። «በቃኝ» ለማለት የሚያስችለን የአንጎላችን የፊት ክፍል በደንብ የሚበስለው ወደ 25 ዓመት ገደማ ነው። ደስታን የሚያሳድደው ክፍል ግን ቀድሞ ይደርሳል። በ14 ዓመት ነዳጁ ሙሉ ነው፣ ፍሬኑ ገና እየተገጠመ ነው። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን ዶፓሚን የሚባለውን ኬሚካል እንዲለቀቅ ያደርጋል፤ ምርቃናው የሚመጣው ከዚያ ነው። በዚያ ዕድሜ ይህ በየቀኑ ሲደጋገም አንጎል ትምህርቱን በደንብ ይይዛል። ጫቱ ደግሞ ከድሬ ቅርብ ካለችው የጫት ገበያ፣ ከአወዳይ የሚመጣ ነው። ካቲኖን ቅጠሉ ከተቀጠፈ በኋላ በቀናት ውስጥ ይደክማል፤ እናንተ ጋ የሚደርሰው ግን በሰዓታት ነው።

ወደ ዘር ልምጣ። ለሱስ ተጋላጭ ከሚያደርጉን ነገሮች ግማሽ ያህሉ በዘር የሚወረስ እንደሆነ በመንትዮች ላይ የተሠሩ ጥናቶች ያሳያሉ። የአንድ እናትና አባት ልጆች ደግሞ በዘር የሚመሳሰሉት በአማካይ በግማሽ ነው። አንዱ የአባቱን አፍንጫ ሲወስድ ሌላው እንደማይወስደው ማለት ነው። አንዱ ሲቅም ልቡ ይመታል፣ እንቅልፍ ያጣል፣ ይጠላዋል። ሌላው «እስከዛሬ የት ነበርኩ!» ይላል። ይህን ማንም መርጦ አያመጣውም።

ሌላም የምጠይቅህ አለ። በ14 ዓመቱ ወንድምህ ምን ላይ ነበር? ሐዘን፣ ድብርት፣ ክፍል ውስጥ ቁጭ ማለት አለመቻል ነበረበት? አንተን ያዝናናህ ጫት እሱን ያሳርፈው ከነበረ፣ የተውከው ጨዋታ ነው፤ እሱ የሚጠየቀው መድኃኒቱን እንዲተው ነው።

ሥራ መያዝህንም አትናቀው። ቬትናም ዘምተው ሄሮይን የያዛቸው ብዙ የአሜሪካ ወታደሮች ነበሩ። አብዛኞቹ አገራቸው ሲገቡ ተዉት፤ ቦታውም፣ ጓደኛውም፣ ቀኑም ተለወጠ። ያንተ ሥራ እንደዚያ ነው። ወንድምህ ግን ያው ፍራሽ ላይ፣ ያው ሰዓት፣ ያው ሰዎች ጋር ነው ያለው።

አሁን ምን ይደረግ? ሦስቱ ሱሶች እንደ ገመድ ተጠላልፈዋል። ጫቱ እንቅልፍ ይነሳዋል፣ ቢራው ምርቃናውን ይሰብርለታል፣ በማግስቱ ደብቶት ሲነሳ ኢጀባና ያስፈልገዋል። ጫቱን ሲቀንስ ድብርት፣ ዱካክ (የሚያስጨንቅ ቅዠት) እና ሐራራ (የመቃም ጉጉት) ይመጣሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ በሳምንታት ይቀላሉ። መጠጡ ላይ ግን ተጠንቀቁ። ጠዋት እጁ የሚንቀጠቀጥ፣ ካልጠጣ የማይረጋ ከሆነ በራሱ ድንገት አያቁም። የሚጥል በሽታ ዓይነት መንቀጥቀጥና መቃዠት ሊያመጣበት ይችላል። የአእምሮ ሕክምና ያለበት ሆስፒታል ሄዶ ድብርቱም አብሮ ይታይለት።

አብረኸው ሂድ። ሐኪሙ «በስንት ዓመትህ ጀመርክ?» ማለቱ አይቀርም፤ ወንድምህ አንገቱን ይደፋ ይሆናል። ያን ጊዜ «በ14፣ እኔን ተከትሎ» ብለህ አንተ መልስለት።