ደብተር እያነበበ የሚሄደው ልጅ

ልጆቼ፣

ባለፈው ሳምንት ጡረታ የወጣሁበት ትምህርት ቤት ጋብዞኝ ስለ መንገድ አደጋ አወራሁ። ስልክ እያዩ መሄድ እንዴት እንደሚያስገጭ ስናገር አንዲት ልጅ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ ድሮ ስልክ ሳይኖር ሰው አይገጭም ነበር?» ልጆቹ ሳቁ። እኔ ግን መልስ አጣሁ።

1989 ዓ.ም. ነው። ምዕራብ ጎጃም፣ አውራ ጎዳናው መሃሏን ሰንጥቆ በሚያልፍባት ትንሽ ከተማ ፊዚክስ አስተምራለሁ። ከገጠር መጥቶ ቤት ተከራይቶ የሚማር አንድ ተማሪ ነበረኝ። እሁድ እሁድ በሶና ደርቆሹን ተሸክሞ በእግሩ ይመለሳል። የማትሪክ ሰሞን ዓይኑን ከደብተሩ አይነቅልም፤ መንገድ ላይም ያነባል። አንድ ቀን ክፍል ውስጥ አስነስቼው «ተማሪ ማለት እንዲህ ነው፤ እየሄደ እንኳ ያነባል» ብዬ አስጨበጨብኩለት።

ሳምንት ሳይሞላ፣ ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ሲመጣ ኤንትሬ የሚባለው የጭነት መኪና ገጨው። ሾፌሩ ክላክስ አድርጓል። ሰው ጮኋል። ልጁ አልሰማም። ስደርስ ደብተሩ አቧራው ላይ ተበታትኗል። አንዱን ገጽ ሳነሳ የኔው የፊዚክስ ኖት ነበር። ነፍሱ ተረፈች። ቀኝ እግሩ ግን እንደ ድሮው አልሆነም፤ ማትሪኩም በዚያ ዓመት ቀረበት።

አባቱ ሐኪም ቤት መጡ። ጋቢያቸውን እንደተከናነቡ «ልጄን ያመሰገኑት መምህር እርስዎ ነዎት?» ብለው እጄን ሳሙኝ። ስለ ጭብጨባው ነግሯቸው ኮርተው ነበር። እስካሁን የሚያቃጥለኝ ያ መሳም ነው።

እርግጥ ስልክ ይብሳል። ደብተር ዝም ይላል፤ ስልክ ግን ይጠራችኋል። ኢርፎን ስትሰኩ ደግሞ ጆሯችሁም አብሮ ይሄዳል። የዘንድሮ ልጅ ቲክቶክ ሳያይ አሥር እርምጃ የሚራመድ አይመስለኝም። ቢሆንም ልጅቷ ልክ ናት። ያኔ ስልክ አልነበረም፤ እኔ ነበርኩ።

በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሴኮንድ 11 ሜትር ያህል ይጓዛል። መልእክት ለማንበብ 3 ሴኮንድ ካቀረቀራችሁ 33 ሜትር ቀርቧችኋል። ግራችሁን ይዛችሁ ሂዱ የሚለውን ከታች ክፍል ጀምሮ ሰምታችኋል፤ አልደግመውም። ግን ግራ የምንይዘው ከፊት የሚመጣውን ለማየት ነው። ካቀረቀራችሁ ምን ዋጋ አለው? ስልኩ ሲጠራ ከመንገዱ ውጡና ቁሙ። ከዚያ አንብቡ።

ያ ልጅ ዛሬ የልጆች አባት ነው። አምና ደብረ ማርቆስ መናኸሪያ አገኘሁት። እያነከሰ መጥቶ አቀፈኝ። ስለ ጭብጨባው ይቅርታ ልጠይቀው ስል አውቶቡሱ ተነሳ። ስልክ ቁጥሩን ሰጥቶኛል። ዛሬ ማታ እደውልለታለሁ።