የአንባቢያን ጥያቄ፦ ጅማን የሚመስል፣ ንግግርም ጥርት ብሎ የሚሰማበት አዳራሽ

ጥያቄ፦ ጅማ ውስጥ 300 ሰው የሚይዝ የስብሰባ አዳራሽ የውስጥ ዲዛይን ተረክበናል። 20 በ15 ሜትር ነው፤ ከፍታው 6 ሜትር። ባለቤቱ «የገባ ሁሉ ጅማ መሆኑን ይወቅ» ብለው ግድግዳው በሙሉ የተቀረጸ የዋንዛ ሳንቃ እንዲለብስ ይፈልጋሉ። የቡና ማፍያ ቦታም ጠይቀዋል። ምን ትመክሩናላችሁ?

መልስ፦ ሐሳባቸው መልካም ነው፤ ጅማ የምትታወቀው በእንጨት ሥራዋ ነው። ነገር ግን ድፍን ሳንቃ ቅርጹ የቱንም ያህል ቢያምር ድምፅ አይውጥም፣ መልሶ ይረጨዋል።

ሒሳቡን እንሥራው። የአዳራሹ ይዘት 1,800 ሜትር ኩብ ነው። ንግግር እንዲለይ ማስተጋባቱ በ1 ሰከንድ ገደማ መክሰም አለበት። ማስተጋባትን በሚያሰላው የሳቢን ቀመር ይዘቱ በ0.161 ተባዝቶ ለሰከንዱ ሲካፈል፣ ድምፅን ሙሉ በሙሉ የሚውጥ 290 ካሬ ሜትር ያህል ገጽ ያስፈልጋል። አንድ የተቀመጠ ሰው የ0.45 ካሬ ሜትር ያህል ስለሚውጥ 300ው ሰው 135፣ ወለሉ፣ ጣሪያውና ባዶው ግድግዳ ተደምረው 35 ያህል ይሸፍናሉ። 120 ይጎድላል።

ጉድለቱን ራሱ እንጨቱ ይሙላው። 3 ሳንቲሜትር ስፋት ያላቸውን ዘንጎች በ1.5 ሳንቲሜትር ክፍተት ደርድሩ፤ ከኋላ ጥቁር ስስ ጨርቅና 5 ሳንቲሜትር ውፍረት ያለው የመስታወት ሱፍ (ከቀጭን የመስታወት ክር የተሠራ ድምፅ መጣጭ) ይግባ። እንዲህ ያለው ገጽ የሚደርስበትን የንግግር ድምፅ 70 በመቶ ያህል ይውጣል፤ ስለዚህ 170 ካሬ ሜትር ይበቃል፦ የኋላው ግድግዳ በሙሉ 90፣ የሁለቱ ጎኖች የላይኛው 2 ሜትር ደግሞ 80። በር የሚወስደውን ስፋት በሌላ ቦታ ተኩ። ስብሰባው ግማሽ ሰው ብቻ ሲኖረው እንዳያስተጋባ ወንበሮቹ በጨርቅ የተለበጡ ይሁኑ። የተቀረጸውን ድፍን ሳንቃ ከመድረኩ ጀርባ አድርጉት፤ እዚያ ድምፅን ወደ ታዳሚው መመለሱ ይጠቅማል።

የዘንጎቹን ቁመትና አደራደር ምጣኔ ከየትም አታምጡ። ጅሬን ወጥታችሁ የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት በረንዳዎች የእንጨት ሥራ ለኩ። የቤተ መንግሥቱን ሥዕል ግድግዳ ላይ ከመለጠፍ ይህ እጅግ ይሻላል፤ ምጣኔውን ዓይን ራሱ ያውቀዋል።

አብዛኛው ጥፋት የሚመጣው ካልደረቀ እንጨት ነው። በእርጥበት መለኪያ ከ10 እስከ 12 በመቶ ካላሳየ አትረከቡ፤ ከዚያም አዳራሹ ውስጥ ሁለት ሳምንት ይቆይ። ሰፊ ሳንቃ በሁለቱም ጠርዝ በምስማር ከተመታ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል። በአንዱ ጠርዝ እሰሩት፣ በሌላው የብሎኑን ቀዳዳ አስረዝሙት። ዋንዛ ከመንግሥት ደን ያለ ፈቃድ አይቆረጥምና ሕጋዊ ወረቀቱን ጠይቁ።

ባለ ሦስት እግሩ የጅማ በርጩማ ለቡናው ቦታ ይሁን፤ መደገፊያ ስለሌለው ለረጅም ስብሰባ ወገብ ያደክማል።

ቡናው ከአዳራሹ ውጪ፣ ክፍት በረንዳ ላይ ይፈላ። ከሰል በተዘጋ ክፍል ውስጥ የማይታይና የማይሸት መርዛማ ጋዝ ያወጣል፤ ቡናው ሲቆላ የሚወጣው ጭስና የዕጣኑ ጭስም የጭስ ማንቂያውን ያስጮኸዋል። በረንዳ ከሌለ በኤሌክትሪክ ምድጃ አፍሉ፣ ጭስ መሳቢያ አስገቡ፣ በዚያ ጥግ ብቻ በጭስ ማንቂያው ፈንታ የሙቀት ማንቂያ ይተከል። ቄጠማ የሚጎዘጎዝበት ወለል ደግሞ ለስላሳ ሴራሚክ አይሁን፤ እርጥብ ቄጠማ ላዩ ላይ ሰው ያንሸራትታል። 3 በ3 ሜትር ሸካራ ድንጋይ አንጥፉበት።