የስዊድን ኮሙኖች፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ስዊድን ስንት ኮሙን (የአካባቢ አስተዳደር) እንዳላት ለጠየቁ አንባቢ፦ 290።

አንዲት የሶልና ነዋሪ ልጃቸውን መዋዕለ ሕፃናት ለማስገባት ለስቶክሆልም ያመልክቱ ወይስ ለሶልና ግራ ገብቷቸዋል። ለሶልና ነው። ከስቶክሆልም መሀል በባቡር የጥቂት ደቂቃ መንገድ ቢሆንም ራሱን የቻለ ኮሙን ነው። ትምህርት ቤት፣ የአረጋውያን እንክብካቤ፣ ውሃና እሳት አደጋ የኮሙን ሥራ ናቸው። ሐኪም ቤትና አውቶቡስ ግን የክልል ናቸው፤ ስለ ሐኪም ቤት ወረፋ ለኮሙን አቤት የምትሉ ሰዎች፣ እባካችሁ በከንቱ አትድከሙ።

የኪሩና ኮሙን 20,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ሲሰፋ የሱንድቢቤሪ ኮሙን 10 እንኳን የማይሞላው ለምንድን ነው? ኮሙኖች እ.ኤ.አ. በ1862 ሲቋቋሙ የተከተሉት የአጥቢያን ወሰን እንጂ የመሬትን ስፋት አልነበረም። ያኔ 2,500 ያህል ነበሩ። ገጠሩ ወደ ከተማ ሲፈልስ ትንንሾቹ የትምህርት ቤት ወጪ ከበዳቸው፤ በ1952 ወደ 1,000፣ በ1974 ደግሞ ወደ 278 ተጠቃለሉ። ኋላ አንዳንዶቹ ስለተከፈሉ ነው ዛሬ 290 የሆኑት።

«መኖሪያ ፈቃድ ተከለከልኩ፤ ኮሙኑ ይረዳኛል?» ውሳኔው የኮሙኑ አይደለም። ይግባኝ የሚባለው ውሳኔው በደረስዎት በሦስት ሳምንት ውስጥ ነው። የእኔን መልስ ይተዉትና ዛሬውኑ የሕግ ባለሙያ ያናግሩ። ነገ አይበሉ።

«ዜጋ አይደለሁም፤ የኮሙን ጉዳይ ምን አገባኝ?» ይህ ጥያቄ አሳዝኖኛል። ግብር ከሚከፈልበት ገቢዎ በአማካይ ከመቶ 32 ያህሉ ለኮሙኑና ለክልሉ ይሄዳል፤ ልጅዎ የሚማርበት ክፍል በዚያ ገንዘብ ነው የሚሞቀው። ደግሞም ከ1976 ጀምሮ የውጭ ዜጋ በኮሙንና በክልል ምርጫዎች ድምፅ ይሰጣል። ከአውሮፓ ኅብረት፣ ከአይስላንድና ከኖርዌይ ውጭ የመጣ ሰው የሚጠየቀው በነዋሪነት ተመዝግቦ ሦስት ተከታታይ ዓመት መኖር ነው። አንድ ወዳጄ በፖስታ የመጣለትን የምርጫ ካርድ ከሱቅ ማስታወቂያ ጋር ጠቅልሎ ሊጥል ሲል ደርሼበታለሁ። በየትኞቹ ምርጫዎች መምረጥ እንደሚችል ካርዱ ላይ ተጽፎ ነበር። ቢጫው የድምፅ መስጫ ወረቀት የፓርላማ ስለሆነ ለዜጎች ብቻ ነው፤ ሰማያዊው የክልል፣ ነጩ የኮሙን ነው። ሁለቱ የእርስዎ ናቸው።

የኮሙን ምክር ቤት ስብሰባ ገብቶ ማዳመጥ ይቻላል ወይ ላሉኝ፦ ይቻላል፤ ለሕዝብ ክፍት ነው።