የሚያፏጨው ገመድ

ልጆቼ፣

ሥራ በጀመርሁ በሁለተኛው ዓመት ጎንደርን ቁልቁል ከሚያይ አንድ ኮረብታ ላይ የቆመ የአንቴና ምሰሶ በኃላፊነት ተረከብሁ። ነፋስ ሲነሣ ምሰሶውን ወጥረው የያዙት የብረት ገመዶች ያፏጫሉ። የሰፈሩ እናቶች «ልጄ፣ ይህ ነገር ሌሊት አላስተኛን አለ፤ ጸበል እናስረጨው እንዴ?» ብለው መጡ። እኔ ደግሞ ክራር መቃኘት ስለምችል መድኃኒቱን ያወቅሁ መሰለኝ። መፍቻ ይዤ ገመዶቹን ሳጠብቅ ዋልሁ። ፉጨቱ ግን ያው ነበር።

ያልገባኝን ያስረዳኝ የቀሃ ወንዝ ነው። ዝናቡ ጋብ ሲል ውረዱና ዱላችሁን በሚፈስሰው ውኃ መካከል ቀጥ አድርጋችሁ ያዙ። ከዱላው ኋላ ትንንሽ አዙሪቶች አንዴ ከግራ፣ አንዴ ከቀኝ እየተፈራረቁ ይላቀቃሉ። ነፋስም በገመድ ላይ የሚሠራው ይህንኑ ነው። አዙሪት በተላቀቀ ቁጥር አየሩ ገመዱን ወደ ጎን ይገፋዋል፤ ገመዱም አየሩን መልሶ ይገፋል። ወደ ጆሮ የሚደርሰው ያ የግፊት መፈራረቅ ነው። ገመዱ ራሱ ባይንቀጠቀጥ እንኳ ድምፁ አይቀርም። አርጩሜ ሳያርፍ በፊት የሚያሰማውን «ሽው» የቀመሳችሁ ብዙ ማብራሪያ አያሻችሁም።

ስትሮሃል የተባለ የቼክ የፊዚክስ ሊቅ በ1878 እ.ኤ.አ. ሽቦ በአየር ላይ እያሽከረከረ ይህን ድምፅ ለክቷል። የድምፁን ቅጥነት የሚወስኑት ፍጥነትና የሽቦው ውፍረት እንጂ የሽቦው ውጥረት አልነበረም። የነፋሱን ፍጥነት በሜትር ለተለካው የገመዱ ውፍረት አካፍላችሁ በ0.2 ገደማ አባዙት። 8 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለውን ገመድ በሰከንድ 8 ሜትር የሚሄድ ነፋስ ቢመታው በሰከንድ 200 ያህል ርግብግቢት ይወጣል። ውጥረት የሚገባበት የገመዱ የራሱ ርግብግቢት ከአዙሪቶቹ ጋር ሲገጥም ነው፤ ያን ጊዜ ድምፁ ይጎላል። እኔ ቀኑን ሙሉ ስደክም የዋልሁት እንግዲህ ነፋሱን በክራር ሕግ ልገዛ ነው! እናንተም ከሌላ ሙያ የተዋሳችሁት መልስ ቶሎ ሲመጣላችሁ መፍቻውን አስቀምጡና አንድ ቀን ተመልከቱ።

መፍትሔውን ያመጡት አንድ አንጋፋ የጥበቃ ሠራተኛ ናቸው። ሲባጎ አምጥተው በገመዱ ዙሪያ እንደ ሐረግ ጠመዘዙበት። አዙሪቶቹ በገመዱ ርዝመት ሁሉ እኩል መላቀቅ ሲያቅታቸው ፉጨቱ ጠፋ። በረጃጅም የፋብሪካ ጭስ ማውጫዎች ላይ የምታዩት ጠመዝማዛ ብረትም እንዲሁ አዙሪት ይበትናል፤ እዚያ የሚፈራው ግን መወዛወዙ ነው። ምክንያቱን ስጠይቃቸው «ነፋሱን ግራ አጋባሁት» አሉኝ።

ሲባጎ ግን በዝናብ ይበሰብሳል፤ ከክረምት በኋላ መቀየሩን አትርሱ።