ከጉልበት ቅየራ በኋላ፦ ያበጠው እግር፣ መርፌው እና ወጌሻው

ጥያቄ፦ የ64 ዓመት እናቴ አዲስ አበባ የጉልበት መገጣጠሚያ ቅየራ ተደርጎላት በአምስተኛው ቀን ወደ አዳማ ተመልሳለች። ደም እንዳይረጋ በቀን አንድ ጊዜ ሆዷ ላይ የሚወጋ 40 ሚሊ ግራም ኢኖክሳፓሪን ለ14 ቀን ታዟል። ሆዷ ስለበለዘ «መርፌው በቃኝ» ትላለች። እግሯም አብጧል፤ ጎረቤቶች ወጌሻ ጠርተን በቅቤ እንድትታሽ ይመክሩናል። ሁዳዴም ሊገባ ነው። ምን እናድርግ?
ልጇ፣ ከአዳማ

መልስ፦ ከሁሉ በፊት፣ እባካችሁ እግራቸውን ማንም አይሸው። ባታቸው ውስጥ የረጋ ደም ካለ መታሸቱ ከደም ሥሩ አላቆ ወደ ሳንባ ሊሰደው ይችላል፤ ይህ ደግሞ በደቂቃዎች ውስጥ ሊገድል ይችላል። ቅቤውም ገና ባልዳነ ቁስል ላይ ኢንፌክሽን ይጋብዛል።

እብጠት ብቻውን አያስደነግጥ። ከጉልበት ቅየራ በኋላ ለሳምንታት ይቆያል፤ እግር ከፍ ተደርጎ ሲታደር ይቀንሳል። ትራሱን ግን ከተረከዝ ሥር እንጂ ከጉልበት ሥር አታድርጉ፤ ጉልበቱ እንደታጠፈ ይደርቃል። አሳሳቢው ባት ሲነካ የሚያም፣ የሚሞቅ፣ አድሮም የማይጎድልና በየቀኑ የሚጨምር እብጠት ነው። በዓይን አይቶ መለየት ስለማይቻል በዚያው ቀን በዶፕለር አልትራሳውንድ (በደም ሥር ውስጥ ያለውን የደም ፍሰት በሚያሳይ ምርመራ) መታየት አለባቸው። ድንገተኛ የትንፋሽ ማጠር፣ ሲተነፍሱ የሚወጋ የደረት ሕመም፣ ራስን መሳት ወይም ደም የቀላቀለ ሳል ካለ ግን ቀጠሮ አይጠበቅም፤ ወዲያው ወደ ድንገተኛ ክፍል ውሰዷቸው። የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 ነው።

መርፌውን የታዘዘው ቀን ሳይሞላ አታቋርጡ። ቀዶ ሕክምናው የሰውነትን ደም የማርጋት ሥራ ያነሣሣዋል፣ እግርም እንቅስቃሴው ይቀንሳል፤ ከሆስፒታል መውጣት ይህን አያስቆመውም። ለጉልበት ብዙውን ጊዜ ሁለት ሳምንት ገደማ፣ ለዳሌ እስከ 35 ቀን የሚታዘዘው ለዚህ ነው።

ትንንሽ ብላዞች የሚጠበቁ ናቸው፤ አወጋጉ ሲስተካከል ይቀንሳሉ። እናትዎ ይጋደሙ። ከእምብርት ቢያንስ 5 ሴንቲ ሜትር ርቃችሁ፣ አንድ ቀን በግራ ሌላ ቀን በቀኝ ጎን ውጉ። ተሞልቶ በሚመጣው ባለ 40 ሚሊ ግራም መርፌ ውስጥ ያለችውን የአየር አረፋ አታስወጡ፤ መድኃኒቱ አብሮ ይፈስሳል። ቆዳውን በሁለት ጣት ቆንጥጣችሁ መርፌውን ቀጥ አድርጋችሁ እስከ መጨረሻው አስገቡ፣ በዝግታ ግፉ፣ መርፌው እስኪወጣ ቆንጥጣችሁ ያዙ። ከዚያ በኋላ ቦታውን አትሹ፤ ማሸት ብላዙን ያብሰዋል። በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት ይሁን፤ አንዱ ቢረሳ በማግስቱ ሁለት አይወጋም። የአዳማ ሙቀት ከባድ ስለሆነ መርፌዎቹን ከ25 ዲግሪ በታች፣ ከመስኮትና ከምድጃ ራቅ አድርጋችሁ አስቀምጡ፤ በረዶ ቤት ግን አይግቡ።

ለሕመም ብላችሁ ዲክሎፌናክ ወይም ኢቡፕሮፌን ከፋርማሲ በራሳችሁ አትጨምሩ፤ ከመርፌው ጋር ተደምረው ደም ያፈስሳሉ። መርፌው ከገበያ ቢጠፋ ምትኩን ቀዶ ሐኪሙ ይዘዝ። እንደ ሪቫሮክሳባን ያለ በአፍ የሚወሰድ ክኒን ከታዘዘ ኢኖክሳፓሪኑ ይቆማል እንጂ ሁለቱ አብረው አይወሰዱም። የኩላሊት ሕመም ካለባቸው አሁኑኑ ለሐኪሙ ንገሩት፤ መጠኑ ሊቀነስ ይገባ ይሆናል። ጥቁር ሰገራ፣ ደም ያለበት ሽንት፣ የማይቆም ነስር ወይም ፋሻውን የሚያርስ ደም ከታየ ቀጣዩን መርፌ ሳትሰጡ ወደ ሕክምና ሂዱ።

መድኃኒቱ ብቻውን አይበቃም። ነቅተው ባሉበት ሰዓት ሁሉ በየሰዓቱ የእግራቸውን ጣቶች ወደ ራሳቸው ስበው መልሰው ወደ ታች ይግፉ፣ 20 ጊዜ ያህል። የባት ጡንቻ ሲጨመቅ ደሙን ወደ ላይ ይገፋዋል። በመራመጃ ተደግፈው በቀን ብዙ ጊዜ፣ በአጭር በአጭሩ ይንቀሳቀሱ፤ ጠያቂ ሲበዛ ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ማስተናገድ የተለመደ ነውና እሱን ተከላከሉላቸው።

ጾሙን በተመለከተ፣ የሥጋና የወተት መቅረት ከደም መርጋት ጋር አይያያዝም፤ ፕሮቲኑን ከሽሮ፣ ከምስርና ከባቄላ ያግኙ። የሚጎዳው በዚያ ሙቀት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ ሳይጠጡ መዋል ነው፤ ፈሳሽ ሲያንስ ደም ይወፍራል። የልብ ወይም የኩላሊት ሐኪም ካልከለከላቸው ከጠዋት ጀምረው ይጠጡ። ይህን ለንስሐ አባታቸው ከወዲሁ ብታስረዷቸው እናትዎ ልባቸው ሳይከፈል ይጠጣሉ።